ስለ ቲቸር ወይንሸት የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች

ሐሙስ፣ ሰኔ 5። ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሱቅ

መብራት ጠፋ። ፕሪንተሩ የአንድ ሰውዬ አቤቱታ ግማሹን አውጥቶ ግማሹን እንደነከሰ ቆመ። ሰውዬው በር ላይ ሆኖ ዝናቡን ያያል። እኔ ሰውዬውን አያለሁ። ደብተሬ፣ ዛሬ በጊዜ ያገኘሁህ ለዚህ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ አራት ማመልከቻ፣ ሁለት አቤቱታ፣ አንድ የዝውውር ጥያቄ። “ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው” የሚለውን ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ይጽፉታል። ባሌ ታምራት በእንቅልፍሽም ትተይቢያለሽ ይለኛል።

ሶሲ ልጄ ባንኮኒው ሥር ናት። ታወራለች። ኧረ ይህቺ ልጅ! ሰውዬውን ስሙን ጠይቃ በእርሳስ ጽፋ ሰጠችው። አንድ ፊደል ገልብጣለች። ሰውዬው አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ደስ አለው መሰለኝ፣ ስለ መብራቱ መነጫነጩን ተወ።

ስድስት ዓመቷ ነው። እኔ በሱቁ ተወጥሬ ስለነበር ሆመቾ አያቷ ዘንድ አደገች። መስከረም ላይ ሆሳዕና ስናመጣት የምታውቀው ሀዲይኛ ብቻ፣ ት/ቤቱ ደግሞ በአማርኛ። አራት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቤት ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ግድግዳ ታያለች። ዲዳ ልትሆንብኝ ነው ብዬ ቸርች ስንቴ አስጸለይኩ።

ያስወራቻት ቲ/ር ወይንሸት ናት፣ የኬጂ አስተማሪዋ። የጉራጌ ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፣ ሀዲይኛዋ ግን እናቷ ሱቅ ውስጥ ስኳርና ሳሙና ለመሸጥ ያህል ነው። በእረፍት ሰዓት ሶሲ አጠገብ እየተቀመጠች፣ እስቲ ቋንቋሽን አስተምሪኝ አለቻት። ሶሲ ዝም። በሚቀጥለውም ቀን ዝም። ቲቸር ግን ራሷ እየጀመረች እየተሳሳተች፣ እየተሳሳተች፣ አንድ ቀን ልጄ ሳቀችባት አሉ። ከሳቀች በኋላ አረመቻት። ካረመቻት በኋላ ማን ያስቁማት!

የወላጅ ኮሚቴው ለመምህራን የዓመቱ ስጦታ ፔርሙዝ ይሁን ብሏል። ፔርሙዝ! ዘንድሮም ፔርሙዝ! የቲቸር ቤት የፔርሙዝ መጋዘን ሊሆን ነው። እኔ ቤቴ ጠርቼ አታካና ነው የማበላት። እኛ ሰው አከበርን የምንለው ቡላውን በቅቤና በወተት አማስለን ፊቱ ስናቀርብ ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር አለብኝ። አንተ ታውቃለህ። የኅዳሩን ገጽ ከጻፍኩት ወዲህ ገልጬ አላየሁትም።

ኅዳር ላይ በት/ቤቱ አጥር ሳልፍ ሶሲን አየኋት። ከክፍል ውጭ፣ ዛፉ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ብቻዋን። እስከ እግሯ ነጠላ ተጠቅልላለች። ሌሎቹ ውስጥ ይዘምራሉ። ደሜ ፈላ። ገብቼ አልጠየቅኩም፣ ሱቄ ተመልሼ ለዳይሬክተሩ ጻፍኩ። “ልጄ ቋንቋ ባለመቻሏ በመምህርቷ ከክፍል ስለተባረረች” ብዬ። ሲያልቅ እጄ ለምዶበት ከታች ግልባጭ፦ ለከተማው ትምህርት ጽ/ቤት አልኩበት። ግልባጭ የሌለው አቤቱታ መሳቢያ ውስጥ ያድራል እያልኩ ደንበኛ የምመክር እኔ ነኝ። ግልባጭ ባይኖረው ዳይሬክተሩ ጠርቶ ያነጋግረን ነበር፣ በቡና ያልቅ ነበር። ቲ/ር ወይንሸት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ከሳሿ እኔ እንደሆንኩ አልተነገራትም፣ እንዲያ ነው የማስበው። ነግሯት ቢሆን እንደዚያ ፈገግ ብላ ትቀበለኝ ነበር?

መብራት መጣ። ሰውዬው ከእኔ ቀድሞ አየው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7። ረፋድ

አማቴ ከሆመቾ በሚኒባስ ቡላና ቅቤ ላኩ። ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ። ሲፈታ ቤቱ ሁሉ አያቴ ቤት ሆነ ብላ ሶሲ ዘለለች። ታምራት አፍንጫውን አስገብቶ፣ ለእኔ ከመስቀል ውጪ ሠርተሽልኝ ታውቂያለሽ? አለ። አንተ እንደ ቲቸር ማንን አስተማርክ አልኩት።

ቲቸርን ትናንት በር ላይ ነግሬያታለሁ። ነገ ምሳ። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እመጣለሁ አለች። ደስ ብሎኝ ባጃጅ እንኳ ሳልጠብቅ በጭቃው ሄድኩ።

ስትበላ፣ ሆዷ ሲሞላ፣ እነግራታለሁ። ያቺን ደብዳቤ የጻፍኳት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ። በቃ፣ አጭር። ሰው የሚያለቅስበት አቤቱታ በቀን አምስት የምጽፍ ሴት ይህቺን መናገር አያቅተኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 8። 11 ሰዓት

ወይኔ። ወይኔ ደብተሬ። ፊቴን የት ላድርግ!

ከአምልኮ በሩጫ ተመለስኩ። አታካናው አምሮበታል፣ ቅቤው ፊቱ ላይ ተኝቶ ያብለጨልጫል። ቲቸር ነጭ ለብሳ ገባች፣ ሶሲ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አስቀመጥኳት። አቀረብኩላት። የክብር ነው፣ የአማቴ ቅቤ ነው፣ ከሆመቾ ድረስ የመጣ ነው እያልኩ ስለፈልፍ እጇን ታጥባ፣ ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ሳህኑን። ቀስ ብላ፣ የሶሲ እናት አትቀየሚኝ፣ የሰኔ ጾም እኮ ገብቷል አለችኝ።

የሰኔ ጾም! እኛ ጴንጤዎቹ የምናውቀው ሁዳዴን ነው፣ እሱንም ሥጋ ቤት ሲዘጋ። ሰኔ ላይ ጾም መኖሩን ማን ነገረኝ? “ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ” ስትለኝ እንኳ አልነቃሁም። አፈር ልብላ! ቡላው በቅቤ፣ ጎመኑ በቅቤ፣ አይቡ አይብ፣ ቆጮው ራሱ በቅቤ ታሽቷል። በቤቱ ውስጥ ቅቤ ያልነካው ሶፋው ብቻ ነበር። ታምራት ሳቁን ሊደብቅ ጓዳ ገባ፣ እዚያ ሆኖ ትከሻው ሲነቃነቅ ይታየኛል።

በመጨረሻ አቮካዶ፣ ዳቦ፣ ሻይ። ለቲቸሬ ያበላኋት ግብዣ! እሷ ግን በአቮካዶ ሰርግ የተጠራች ይመስል እያጣጣመች በላች። ሶሲ እኔ ላጉርስሽ ብላ አቮካዶውን ጉንጯ ላይ ለቀለቀችባት። ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣ፣ ላብ በላብ ሆኜ።

ጾሙ ሲፈታ ትመጫለሽ፣ እንደ አዲስ እሠራለሁ አልኳት። የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ካለሁ አለች። ዳይሬክተሩ ኮንትራትሽ ላይታደስ ይችላል ብሏታል። ሰኞ ሳምንት፣ ሰኔ 16፣ የት/ቤቱ ባለቤት የመምህራኑን ይፈርማል። የእሷ ካልታደሰ ቦኖሻ ከተማ ወንድሟ ሱቅ ልትገባ ነው። ለምን እንደማይታደስ አልተናገረችም። እኔም አልጠየቅኩም። የማውቀውን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?

ይቅርታዬን ዋጥኩት። ስትሄድ ዝናቡ ቆሞ ስለነበር ነጠላዋን ረስታ ሄደች።

ሰኞ፣ ሰኔ 9። 12 ሰዓት፣ ገና ሳይጨልም

ጽሑፌ ቢጣመም ይቅር በለኝ።

ሶሲን ሳጥባት የቲቸርን ነጠላ ከወንበሩ አንስታ ተጠቀለለችበት። እንደዚያ ቀን አለች። የቱ ቀን አልኳት። ሳቀች፣ ጆሮዬን ሳበች፣ በሹክሹክታ ነገረችኝ።

ያን ቀን ክፍል ውስጥ ሽንቷ አመለጣት። ሽንት ቤት ልሂድ ማለት በአማርኛ አታውቅም ነበር፣ ያዘች፣ ያዘች፣ አመለጣት። ማንም ሳያይ ቲቸር አቅፋ አወጣቻት። ልብሷን አጠበች፣ ፀሐይ እንዲመታው አጥር ላይ አሰጣችው፣ በራሷ ነጠላ ጠቀለለቻት። ክፍል እንግባ ስትላት ሶሲ እንዲህ ሆኜ አልገባም የምትል ይመስል ራሷን ነቅንቃ አለቀሰች። ቲቸር ደግሞ ሌሎቹን ጥላ መቅረት አትችልም፣ በየዘፈኑ መሀል እየወጣች አየቻት። ልብሱ ደረቀ፣ ለበሰች፣ ገባች። ሶሲ በሀዲይኛ ሹክ ብላ ለማንም እንዳትነግሪ አለቻት፣ ለእማዬም። ቲቸር ጣቷን ሰጥታ ቃል ገባችላት።

እኔ አጥሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ እንኳ አላየሁም። ያየሁት ማየት የፈለግኩትን ነው።

ደብተሬ፣ ገባህ? አባረርሽ ሲሏት አንዲት ቃል ብትናገር ነፃ ነበረች። የልጄን ሚስጥር ይዛ ማስጠንቀቂያውን ተቀበለች። እኔ እናት ተብዬዋ ከነግልባጩ ስከሳት እሷ ጣቷን የሰጠቻትን ልጅ አላሳፈረችም። ሶሲን ደረቴ ላይ ለጥፌ አለቀስኩ። ሳሙና ዓይንሽ ገባ? አለችኝ። አዎ አልኳት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11። 7 ሰዓት

ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። አቶ ማቴዎስ ትሑት ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። ደብዳቤዬን ላነሳ ነው የመጣሁት አልኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ፋይሉን አወጣ። ውስጡ የእኔ ደብዳቤ፣ እንዴት ያምራል መሰለህ፣ አንድ የፊደል ስህተት የለውም። ዝርክርክ አድርጌ ጽፌው ቢሆን ምናለበት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ት/ጽ/ቤቱ በግልባጩ ምን እርምጃ ተወሰደ ብሎ ጠይቋል፣ መልስ ተልኳል፣ ተመዝግቧል። ባለቤቱ ማስጠንቀቂያ ላለበት መምህር አልፈርምም ይላሉ። እኔ በጽሑፍ ካነሳሁ ሊያዩት ይችላሉ። ግን ልጅቷ ለምን ውጭ ነበረች? ለዚያ ምክንያት ይፈልጋሉ። መምህርቷ ኅዳር ላይ ሲጠይቋት መልስ የለኝም ነው ያለችው። አንቺ ታውቂያለሽ? አለኝ።

አውቃለሁ። አፌ ላይ ደረሰ። ልናገር ስል መስኮቱ ላይ ልጆች ተንጠልጥለው እርስ በርስ ሲጠቋቆሙ አየሁ፣ አንዱ የሌላውን ቀዳዳ ሱሪ እያሳየ። ይህ ከተማ ትንሽ ነው። ቢሮ ውስጥ የተነገረ ነገር እረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ይገኛል። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13። 12 ሰዓት

ነጠላውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ይዤ ሄድኩ። ቲቸር የእናቷ ሱቅ ውስጥ ናት፣ ከሥራ በኋላ እዚያ ታግዛለች። እናቷ ግቢ ልጄ ብለው በርጩማ ሰጡኝ፣ እኛን ትተው ወደ ውስጥ ገቡ። የሚያውቁ ይመስለኛል።

ልምምዴ ሁሉ ጠፋብኝ። እኔ ነኝ አልኳት ብቻ። ደብዳቤውን እኔ ነኝ።

አውቃለሁ አለች።

ኅዳር ላይ ነው ያወቀችው። ዳይሬክተሩ አስነብቧታል። እንዴ! ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት? በር ላይ ጠዋት ጠዋት ፈገግ እያልሽ፣ ከልጄ ጎን ቋንቋ እየተማርሽ? አልኳት። የማስጠንቀቂያው ዕለት ቤቷ ገብታ እንዳለቀሰች ነገረችኝ። ሁለት ቀን ሶሲን ማየት ከብዷት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሶሲ ከቦርሳዋ ቆሎ አውጥታ፣ አንድ እፍኝ፣ ሳትናገር እጇ ላይ አፈሰሰችላት። ከልጅ ጋ ምን ጸብ አለኝ፣ አለች። ከአንቺ ጋ ግን ነበረኝ። በደንብ ነበረኝ፣ አለችና ሳቅ አለች።

ይቅርታ ጠየቅኩ። እግሯን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዛ አቃናችኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር አለች።

ለዳይሬክተሩ እውነቱን ልናገር ስላት ግን ፊቷ ተለወጠ። አይሆንም አለች። መስከረም አንደኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ናት፣ ያ ነገር ስም ሆኖ ይጣበቅባታል። ቃል ገብቼላታለሁ፣ ቦኖሻም ሱቅ አለ፣ ሰው ይኖርበታል አለች። ተናደድኩባት! በጣም ነው የተናደድኩት። እንደዚህ ያለች ግትር አይቼ አላውቅም። እንደዚህ ያለች ሴት ልጄን ስላስተማረችልኝ ደግሞ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14። 11 ሰዓት

ብልህ ነኝ ብዬ ሶሲን ጠየቅኳት። የሶሲ ነገር ነው፣ ሶሲ ትፍቀድ ብዬ። ምሳ ላይ፣ ያን ቀን የሆነውን ለዳይሬክተሩ ብቻ ብነግረውስ? ቲቸርን ለመርዳት ነው አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

አንድ ቃል የለም። ሶሲ አልኳት፣ የለም። ታምራት በሀዲይኛ አባበላት፣ የለም። አያቷን ስልክ ላይ አገናኘናት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ዝም። ዝም ካለች እነሆ አራት ሰዓት ሞላት። ቲቸር ዓመት ሙሉ የገነባችውን በአንድ ምሳ ላፈርሰው ነው? ጌታ ሆይ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

አሁን ሄጄ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልናገርም አልኳት። ለማንም፣ መቼም። ጣቴን ሰጠኋት። ብዙ ቆይታ ያዘችው።

ከዚያ፣ ዳቦ አለ? አለች።

ዳቦ አለ! ከዚህ የሚጥም ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ታምራት ሊገዛ በዝናብ ወጣ፣ ቤት ውስጥ ዳቦ እያለ።

እሑድ፣ ሰኔ 15። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሱቅ

ሱቁ ዝግ ነው፣ መዝጊያውን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። እንደ ሌባ በገዛ ሱቄ። መብራት አለ፣ ይመስገን። ነገ ባለቤቱ ይፈርማሉ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። “ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው” ብዬ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። “በወቅቱ በተፈጠረ አለመግባባት” ብዬ ጀመርኩ፣ አጠፋሁ። ምን አለመግባባት? ማን ከማን ጋ? እሷ ምን አልተግባባችም? ለሰው ስጽፍ ጥፋት የሚሸፋፈንበትን ቃል ሁሉ አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው የሚከፍሉኝ። ዛሬ አንዱም አልሆነኝም።

ታምራት ምሳ ላይ እቅጩን ነገረኝ። የጻፍኩት ሐሰት ነው ብለሽ በፊርማሽ ልታወጪ ነው፣ ያውም ለት/ጽ/ቤት። የዚህ ከተማ ሰው ጉዳዩን የሚያጽፈው እጅሽን አምኖ ነው። ነገ ውሸታሟ ጸሐፊ ቢሉሽስ? አለኝ። ሊያስፈራራኝ አይደለም፣ ፈርቶልኝ ነው። እኔም ፈርቻለሁ፣ ለአንተ ምን እደብቃለሁ። ከዚያ ግን፣ ለማንኛውም ጻፊው አለኝ። ይህን ሰው የምወደው በከንቱ አይደለም።

ይኸው ጻፍኩት።

“ኅዳር ላይ ስለ መ/ርት ወይንሸት የጻፍኩት እውነት አይደለም። ልጄን ማንም ከክፍል አላባረራትም። በአጥር አይቼ፣ ሳልገባ፣ ሳልጠይቅ ጻፍኩ። ልጄ ያን ቀን ለምን ውጭ እንደነበረች እኔ እናቷ አውቄያለሁ፣ መ/ርቷንም አመስግኛለሁ፣ ከዚህ በላይ ለማንም አልናገርም። በቂ አይደለም የሚል ካለ እኔን በሐሰት ክስ ይጠይቀኝ። ልጄ መስከረም ላይ አትናገርም ነበር፣ ዛሬ ዝም በይ ብንላትም እምቢ ትላለች። ይህን ያደረገችው መ/ርት ወይንሸት ናት። እንዲህ ያለች መምህር ይዛችሁ እንዳትለቁ እለምናለሁ።”

ግልባጭ፦ ለከተማው ትምህርት ጽ/ቤት። ግልባጭ፦ ለወላጅ ኮሚቴ። ግልባጭ፦ ለመ/ርት ወይንሸት። ያኛውን ያየም የሰማም ሁሉ ይህንንም ይየው።

ይበቃ ይሆን? አላውቅም። ባለቤቱን አላውቃቸውም፣ ልባቸውን አላውቅም። እምቢ ካሉ ትምህርት ጽ/ቤቱ በር ላይ ማክሰኞም እገኛለሁ፣ ረቡዕም።

ፈረምኩ። ስሜን፣ የአባቴን፣ የአያቴን።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የት/ቤቱ በር ሲከፈት ቀድሜ እገባለሁ። በእጄ ነው የምሰጠው፣ በሰው አልልክም። ውሸታም ካሉኝም ይበሉኝ። ማመልከቻ የሚያጽፈኝ ከጠፋ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ።